የድሮ ዲቲ 125 የፊት ሾክ፦ ሞላውን ላድስ ወይስ ሙሉውን ፎርክ ልቀይር?

የጎባው ሐኪም፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የሞተር ወዳጆች።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው ባሌ፣ ጎባ ነው። የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ከአንድ ያለቀ ፕሮጀክት በጨረታ ሲሸጥ ገዛሁት። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳው አላውቅም። ሞተሩ ግን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ውርጭ ባለበት ጠዋት እንኳ በሁለተኛው ርግጫ ይነሳል። የቸገረኝ የፊት ሾኩ ነው።

መንገዱን ካላወቃችሁት ችግሩ ስለማይገባችሁ እሱን ላስቀድም። ከጎባ ተነስቼ ወደ ሳነቴ እወጣለሁ። ሜዳው ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱን አልፌ ወደ ሪራ እወርዳለሁ። ከዚያ የሐረና ጫካ ይቀበለኛል። አንዳንዴ እስከ መና ድረስ እዘልቃለሁ፤ እዚያ ደግሞ ሙቀት ነው። በአንድ ቀን ውርጩንም ቆላውንም አያለሁ። መንገዱ ጠጠርና ኮሮኮንች ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ጉድጓድ።

ከኋላዬ የክትባት በረዶ ሣጥን ታስሯል። ከነበረዶው 22 ኪሎ ይመዝናል። እኔ 74 ኪሎ ነኝ። ከብት እከትባለሁ። ሳነቴ አካባቢ ደግሞ የእረኞቹን ውሾች ለእብድ ውሻ በሽታ እንከትባለን፤ በሽታው ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ እንዳይሻገር ነው።

ሾኩ እንዲህ ያደርጋል። ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል። ቁልቁለት ላይማ በመሪው ላይ የምወረወር ይመስለኛል። ጉድጓድ ሲያገኝ «ኳ» ይላል፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ እጄ ላይ ይሰማኛል። ባለፈው ወር ከሪራ በላይ እንዲህ አንዴ ሲመታ ሦስት ብልቃጥ ተሰበረብኝ። ገበሬዎቹ ከንጋት ጀምሮ ከብቶቻቸውን ሰብስበው እየጠበቁኝ ነበር። ግማሾቹን ሳልከትብ መመለስ ነበረብኝ። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም።

አንድ መካኒክ «ዘይቱ ቀጥኖ ነው» ብሎ 20/50 የሞተር ዘይት ሞላበት። ሁለት ሳምንት ደህና መሰለኝ። ከዚያ ጠዋት ሳነቴ ላይ ሾኩ ዱላ ሆነ። አንድ ጠጠር ሁለት እጄን ያደነዝዘዋል። ብዙም ሳይቆይ የግራው እግር ዘይት ማልቀስ ጀመረ።

አሁን ሦስት ሐሳብ ይዣለሁ። አንደኛው ከአዲስ የቻይና ሞተር የወጣ ግልብጥ ፎርክ ነው፤ ወፍራሙ ቱቦ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች የሆነ የፊት ሾክ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያለ ጓደኛዬ አገኘሁልህ ብሎኛል፤ 24 ሺህ ብር ይላሉ። ሁለተኛው ጠንካራ ሞላ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ኢሙሌተር የሚባል፣ ሾክ ውስጥ የሚገባ ቫልቭ ነው፤ በቪዲዮ አየሁት። ብሩ ለእኔ ቀላል አይደለም። አንዴ አውጥቼ ነገሩ እንዲያልቅልኝ እፈልጋለሁ። የሠራችሁት ሰዎች ንገሩኝ።


ዝዋይ ላይ፦

ወንድሜ፣ እኔ ግልብጡን አስገብቼያለሁ፤ ሞተሬ ግን ከአንተ አዲስ ነው። አስፋልት ላይ በጣም ወድጄዋለሁ። ፍሬን ሲያዝ አይደፋም፤ መሪው ቀጥ ይላል።

ነገር ግን ፎርኩ ብቻ አይደለም የሚቀየረው። የመሪው አንገት ስለማይገጥም ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ጎማው፣ አክሱ፣ ፍሬኑ አብሮ ተቀየረ። በመጨረሻ ከፎርኩ ዋጋ በላይ ሌላ ብር ወጣ። በኮሮኮንች ላይ ብዙ ስላልነዳሁት ስለ አንተ መንገድ መናገር አልችልም።


የሻሸመኔው መካኒክ፦

ዶክተር፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንተ ልበልህ። 31 ዓመት ሞተር ጠግኛለሁ። አብዛኛው ዲቲ፣ ኤጂ 100 እና ኤክስኤል 125 ነው፤ የግብርና መሥሪያ ቤትና የፕሮጀክት ሞተሮች። ስለዚህ የአንተን ሞተር ሳላየው አውቀዋለሁ ብል ብዙ አልሳሳትም።

ሙሉውን ፎርክ አትቀይር። ያ ፎርክ ለሌላ ሞተር፣ ለሌላ ክብደት፣ ለሌላ ቁመት የተሠራ ነው። ቁመቱ ትንሽ ካጠረ የፊቱ አንግል ይለወጣል፤ ቁልቁለት ላይ መሪው ይቅበዘበዛል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አንገቱ ነው። አንገት በሳልዳቱራ የተቀጠለበት ሞተር አይቻለሁ። ብየዳው ያማረ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ ቁልቁለት ላይ ተሰነጠቀ። ልጁ እግዚአብሔር አተረፈው፤ ትከሻው ግን እስከ ዛሬ ያመዋል። ከሪራ በላይ ባለው ገደል ላይ እንዲህ ያለ አንገት ይዘህ እንድትወርድ አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ 20/50ውን ዛሬውኑ አውጣው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

የአንተ ሾክ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ያለው ዘንግ ነው። ጎማው ሲመታ ዘይቱ በቀዳዳው ተገፍቶ ያልፋል። ቀዳዳው አይሰፋም፣ አይጠብም። ስለዚህ የምቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የዘይቱ ተቃውሞ 4 እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ስትይዝ ሾኩ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ዘይቱ ሳይቸገር ያልፋል፤ አፍንጫው ይደፋል። ስለታም ድንጋይ ሲመታ ግን ነገሩ በቅጽበት ነው። ዘይቱ መውጫ ያጣና ምቱ በቀጥታ አንጓህ ላይ ያርፋል። ወፍራም ዘይት ይህንን ሁለተኛውን ያባብሰዋል፤ መደፋቱን ግን አይከለክለውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። መደፋትን የሚሸከመው ሞላ ነው።

20/50 ከ10 ቁጥር የፎርክ ዘይት ጋር ሲተያይ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ከ4 እጥፍ በላይ ይወፍራል። በሳነቴ ውርጭ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ይብሳል። መና ስትወርድ ይቀጥናል። አንተ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ሾክ ትነዳለህ ማለት ነው። የፎርክ ዘይት ሮቤ ካጣህ ቀዩን የመኪና ካምቢዮ ዘይት፣ ኤቲኤፍ የሚሉትን ግዛ። ውፍረቱ ለ10 ቁጥር ቅርብ ነው፤ በብርድም ብዙ አይረጋም። የፈጠርኩት ነገር አይደለም፤ በፈረንጆች 1970ዎቹ የነበሩ ብዙ የሆንዳ ማኑዋሎች ራሳቸው ለፊት ሾክ ኤቲኤፍ ሙላ ይላሉ።

አሁን ብር ሳታወጣ የምታደርገውን ልንገርህ። ሜትር ያዝ። ሞተሩን ከስሩ ድንጋይ ወይም ሣጥን አስደግፈህ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ። ከአቧራ ጎማው እስከ ታችኛው ማሰሪያ ድረስ ያለውን የሚያበራ ቱቦ ለካ። ከዚያ መሬት አውርደው፤ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርገህ ልቀቀውና እንደገና ለካ። በመጨረሻ አንተ ከነሣጥንህ፣ ከነጃኬትህ ተቀመጥና ሌላ ሰው ይለካልህ። የመጨረሻው ልኬት ከመጀመሪያው ሲቀነስ ሾክህ በጭነት ምን ያህል እንደሚሰምጥ ታያለህ። ለአንተ መንገድ ከጠቅላላ ጉዞው ሲሶ ያህል ቢሰምጥ ጥሩ ነው። ከግማሽ ካለፈ ጉድጓድ የሚቀበልበት ቦታ አልቀረለትም።

ከዚያ ሞላዎቹን አውጥተህ የሁለቱን ቁመት ለካ። ቀለበቶቹን ቁጠር። የሽቦውን ውፍረት ለካ። ሞላው በሌለበት ሾኩን እስከ መጨረሻው አስገብተህ ጠቅላላ ጉዞውንም ያዝልኝ።

አንድ ነገር አደራ። «ኳ» ያልከው ድምፅ ሁሉ ከሾኩ ላይሆን ይችላል። የፊት ጎማው ከመሬት እንደተነሳ የታችኞቹን እግሮች በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ፊት ወደ ኋላ ነቅንቅ። የሚላወስ ነገር ካለ የመሪው አንገት ኩሽኔታ ላልቷል። ቀስ ብለህ መሪውን አዙር፤ መሐል ላይ ቆጥ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል።


የጎባው ሐኪም፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ቅዳሜን ሙሉ በእሱ ዋልኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

አንገቱ ላልቷል። እርስዎ እንዳሉት ነቀነቅኩት፤ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ይህን ያህል ጊዜ ሾኩን ብቻ ስረግም ነበር። ፈትቼ አየሁት፤ የብረት ብዮቹ ደርቀዋል እንጂ አልተበሉም። አጥቤ ግሪስ ቀብቼ ልኩን ጠበቅኩት። የድምፁ ግማሽ እዚያው ጠፋ።

የሾኩን ክዳን ስፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ ይመታኛል ብዬ ፊቴን አሽሽቼ ነበር። ምንም አልገፋም። ክዳኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን በእጄ ወጣ። ሞላው ክዳኑ ጋ እንኳ አይደርስም፤ 8 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ አለ።

ሾኩ በራሱ ክብደት 70 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። እኔ ከነሣጥኑ ስቀመጥ 95። ጠቅላላ ጉዞው 180 ነው። የግራው ሞላ 470 ሚሊ ሜትር፣ የቀኙ 461። ሁለቱም 55 ቀለበት አላቸው፤ የሽቦው ውፍረትም እኩል ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር።

ዘይቱን ሳወጣው አተላ ይመስላል። በግራው እግር የቀረው በቀኙ ካለው ግማሽ አይሆንም። የግራው ቱቦ ላይ ደግሞ አንድ የተበሳሳ ቦታ አለ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህል። ጥፍሬን ሳስኬድበት ይይዘኛል።

አሁን ምን ላድርግ?


የኮሎራዶዋ፦

ወንድሜ፣ ስለ ኢሙሌተሩ እኔ ልመልስልህ፤ ሠርቼዋለሁ። ዴንቨር ነው የምኖረው። ሞተሬ የ2002 ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው። የፊት ቱቦው 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሾኩ ጉዞ 230 ሚሊ ሜትር። አሠራሩ እንደ አንተው ነው፣ ቀዳዳ ያለው ዘንግ። በበጋ ተራራ ላይ ጠጠር መንገድ እነዳለሁ። ሲናሞን ፓስ የሚባለው 3850 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሳነቴን ሥዕል ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል፤ ሣሩ፣ ንፋሱ፣ ዛፍ አለመኖሩ።

ኢሙሌተር ማለት ትንሽ ቫልቭ ነው። ዘንጉ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ዋናው ሞላ ተጭኖ ይይዘዋል። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ሲሆን ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያልፋል፤ ስለዚህ ፍሬን ላይ አይደፋም። ኃይለኛ ምት ሲመጣ ደግሞ በትንሽ ሞላ የተያዘው ክዳኑ ተከፍቶ ዘይቱን ይለቀዋል። ጋሼ የገለጹትን ችግር ከሁለቱም ወገን ይመልሳል። ድንቅ ነገር ነው።

ግን የዘንጉን የታች ቀዳዳዎች ማስፋት አለብህ፤ አለበለዚያ ቫልቩ ሥራ የለውም። እኔ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ስድስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ አወጣሁ። ጠርዙን በደንብ መሞረድ፣ ብናኙን ማጠብ ያስፈልጋል። አንዴ የተበሳ ዘንግ ወደ ነበረበት አይመለስም። ዘይቱ 15 ቁጥር ይሆናል፤ ሾኩ ተመልሶ ሲዘረጋ የሚይዘው አሁንም የዘይቱ ውፍረት ነውና። ልኩ እስኪመጣ ደግሞ ደጋግመህ ትከፍታለህ። ሞላውን እያወጣሁ ቫልቩን በረጅም ሽቦ እየጎተትኩ ሦስቴ አስተካክያለሁ።

እውነቱን ልንገርህ። መጀመሪያ ኢሙሌተሩን በድሮው ሞላ ላይ ነው ያስገባሁት። አሁንም ይሰምጥ ነበር። እንደገና ከፍቼ ሞላ ስቀይር ነው ሞተሩ የተስተካከለው። እንደገና ብሠራው ከሞላው እጀምራለሁ፤ አንድ ክረምት ነድቼበት ካልበቃኝ ብቻ ቫልቩን እገዛለሁ። አንተ በተጫነ ሞተር፣ በቀስታ ነው የምትሄደው። የዘይት ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ)፣ ዘይትና ሞላ የአንተን ችግር አብዛኛውን ይፈቱታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላ ነገር። ለገና አገር ቤት እመጣለሁ። የዘይት ሲል በሻንጣ ቦታ አይዝም። አሮጌው ሲል ላይ ሦስት ቁጥር ታትሟል፤ የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋትና ውፍረቱ። በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ከአዲስ አበባ በሰው እልክልሃለሁ። ብር አታስብ። ለእነዚያ ከብቶች ነው።


የሻሸመኔው መካኒክ፦

ልጄ፣ ተባረኪ። ሲሉን ከውጭ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ በአንድ ሻጭ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሰጠኝ ሲል በሁለት ወሩ እንደ ቆዳ ደርቆ አግኝቼዋለሁ።

ዶክተር፣ ልኬትህ ሁሉንም ነገር ነገረኝ። ከ180 ውስጥ 95 ተበልቷል፤ ገና ሳትነሳ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ጉድጓዱ የሚያገኘው የቀረውን 85 ብቻ ነው። ብልቃጡ ቢሰበር አይገርምም።

ደስ የሚለው፣ አንተ ስትቀመጥ የተጨመረው ስምጠት 25 ብቻ ነው። ሞላው አጥሯል እንጂ ጉልበቱ አልሞተም። ስለዚህ ከላይ ሙላት ጨምርለት። ሮቤ ቶርኖ ቤት ሂድና ከአሉሚኒየም ቱቦ 25 ሚሊ ሜትር አስቆርጥ፤ ለቀኙ 34፣ ምክንያቱም 9 ያንሳል። ጫፎቹ ቀጥ ብለው መቆረጥ አለባቸው። ከሞላው ጋ በሚገናኝበት ላይ ሮንዴላ አድርግ፤ አለበለዚያ ሞላው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከ25ቱ 8ቱ ባዶ ቦታውን ይሞላል፤ የቀረው ሞላውን አስቀድሞ ይጫነዋል። ሾክህ በ25 ከፍ ይላል። በራሱ 45፣ ከአንተ ጋር 70 ይሰምጣል ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ስታደርግ ሞላው መጨረሻ ላይ ቀለበት በቀለበት እንዳይጋጭ ማስላት አለብህ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። 55 ቀለበት በ4 ሚሊ ሜትር 220 ነው፤ ከዚያ በታች ሞላው ድፍን ብረት ነው። ከ470 ላይ 220 ስትቀንስ 250 ይቀራል። አንተ የምትፈልገው 180 ጉዞና 17 ቅድመ ጫና፣ በድምሩ 197 ነው። በአጭሩ ሞላም ስታሰላው 241 ይመጣል። በቂ ቦታ አለህ።

አንዳንዱ ሞላውን ቆርጦ ያሳጥርና በረጅም ቱቦ ይሞላዋል። ቀለበት ሲቀንስ ሞላ ይጠነክራልና ይሠራል፤ ራሴም ሠርቼዋለሁ። ከ55ቱ ስምንት ብትቆርጥ ጥንካሬው በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ግን የተቆረጠ አይቀጠልም። መጀመሪያ ሙላቱን ሞክር።

ዘይቱን በሊትር ሳይሆን በቁመት ሙላ። ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻ ገብቶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ባዶ ቦታ ለካ። ከመለካትህ በፊት አየሩ እንዲወጣ ዘንጉን አሥር ጊዜ ያህል ወደ ላይ ወደ ታች አድርገው። ሁለቱም እግር እኩል ይሁን፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም፣ የሁለት ጣት ግን ነው። ባዶው ቦታ አየር ነው፤ አየርም ሞላ ነው። ዘይቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብታደርግ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ መጀመሪያው አይለወጥም። አብዝተህ ብትሞላ ግን ሲሉን ይተፋዋል።

ስለ ከፍታውም ልንገርህ። ክዳኑን ጎባ ላይ ዝጋው እንጂ መና ላይ አትዝጋው። መና ላይ የታሸገ አየር ሳነቴ ሲወጣ ከውጭው አየር ሩብ ባር ያህል ይበልጣል። ሾኩን ብዙ አያጠነክረውም፤ ግን ሲሉን ቀኑን ሙሉ ሲገፋው ይውላል። ያንተ ክዳን ላይ ማስተንፈሻ ስለሌለ ይህንን ማሰብ ያለብህ ስትዘጋው ነው።

የተበሳሳውን ቱቦ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ ነክረህ፣ ጠርዙን ብቻ አለስልሰው። ዙሪያውን እንጂ ወደ ላይ ወደ ታች አትፈትግ። ጉድጓዱን በሁለት ቱቦ የሚመጣው ማጣበቂያ ሙላው፤ ሲደርቅ እንደገና አለስልሰው። ጥፍርህ እስኪያልፍ ድረስ። ይህን ሳታደርግ አዲስ ሲል ብታስገባ በሳምንት ይቀደዳል፤ የእህታችን ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ስትገጥመው ሁሉንም ብሎን አንዴ አታጥብቅ። መጀመሪያ አክሱን አስገባ፤ ማሰሪያዎቹ ለቀቅ እንዳሉ ፍሬን ይዘህ ሾኩን ደጋግመህ ጫነው። እግሮቹ ራሳቸው ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ እያልክ አጥብቅ። ብዙ ሰው ሾኬ ደረቀብኝ የሚለው እግሮቹ ተጣመው ስለታሰሩ ነው።


የጎባው ሐኪም፦

ሦስት ሳምንት ስለዘገየሁ ይቅርታ። ዘመቻ ላይ ነበርኩ። ነድቼው ሳላየው መጻፍም አልፈለግሁም።

ሮቤ ያለው የቶርኖ ባለሙያ ሁለቱን የአሉሚኒየም ቁራጭ እየጠበቅሁ ሠራልኝ። 25 እና 34። 380 ብር ከፈልኩ። ኤቲኤፍ አንድ ሊትር ገዛሁ፤ ተረፈኝ። የታችኛው የውስጥ ብሎን ነው ያስቸገረኝ። ስፈታው ዘንጉ አብሮ ይዞራል። በመጨረሻ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን አሹዬ ከላይ ዘንጉ አፍ ውስጥ ሰካሁት፤ ጎረቤቴ ተጭኖ ያዘልኝ፤ እሺ አለ። ሌላ ሰው ከቸገረው ይሞክረው። ብሎኑ ስር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ አትርሷት፤ እኔ ረስቻት መሬት ላይ አገኘኋት።

ልኬቱ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ጋሼ። በራሱ 46፣ ከእኔ ጋር 71።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ሳነቴ ስወጣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ሾኩ ይንቀሳቀሳል። ይህችን ቃል እንዴት እንደምገልጽላችሁ አላውቅም። ጠጠሩ ላይ ጎማው ይወጣል ይወርዳል፤ መሪው ግን እጄ ውስጥ ዝም ብሏል። ሞተሩን አቁሜ ወርጄ ቱቦውን አየሁት። አቧራው ላይ የተሰመረው መስመር እስከ የት እንደገባ ያሳያል። ብዙ ቦታ ቀርቶታል።

ከሪራ በላይ ያለችውን ጉድጓድ ሆን ብዬ በዚያው ፍጥነት አለፍኳት። ሣጥኑ ውስጥ ባዶ ብልቃጥ ነበር ያደረግኩት፤ አልተሰበረም። ሌላ ቀን ሙሉ ጭነት ይዤ ወደ መና ስወርድ አንድ ቦይ ላይ ሾኩ አንዴ መጨረሻውን ነካ። ስመለስ ዘይቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ አልነካም። ሞላውን አልቆረጥኩትም፤ የሚያስቆርጠኝ ነገር የለም። ለፎርኩ ያሰብኩትን ብር የኋላ ጎማ እገዛበታለሁ፤ እሱም አልቋል።

የቀረው የግራው ሲል ነው። ቱቦውን አለስልሼ ሞላሁት፤ ጥፍሬ ያልፋል። ከለስላሳ መጠጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ፣ ከሲሉ ከንፈር ስር አስገብቼ ጠረግሁት፤ ብዙ አሸዋ ወጣ። ማልቀሱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ቱቦው ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት ይታያል። በጨርቅ ጠርጌ እነዳለሁ።

እህቴ፣ ሦስቱን ቁጥር በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የአቧራ ጎማውም ተሰንጥቋል፤ ካገኘሽው አብረሽ ያዢልኝ። ጋሼ፣ አዲሱን ሲል ሳስገባ ምን እንደምመታበት ንገሩኝ። እዚህ የሲል መምቻ የለም።


የሻሸመኔው መካኒክ፦

ደስ አሰኘኸኝ፣ ዶክተር። የሲል መምቻ አያስፈልግህም። የላይኛው ቱቦ ላይ ልክ ሆኖ የሚገባ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ፈልግ፤ አንድ ክንድ ያህል ቁረጥና ጫፉን ቀጥ አድርገህ ሞርደው። በእሱ ዙሪያውን እኩል እያደረግህ ቀስ ብለህ ምታው። ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ አቁም። የቱቦውን አፍ በስስ ፌስታል ሸፍነህ፣ ፌስታሉን ዘይት ቀብተህ ነው ሲሉን የምታሳልፈው፤ አለበለዚያ ጠርዙ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። የተጻፈበት ወገን ወደ ላይ ነው። አሮጌውን ሲል አትጣለው፤ አዲሱ ላይ አድርገህ የመጨረሻውን ምት በእሱ ላይ ምታ።